ከኬላ ማዶ የመጣን ሦስት ሂሳብ ሠራተኞች

ሠርግ ቤት ውስጥ ሰው በብዙ ዓይነት ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ በግብር ስም የተጠራሁት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ባለፈው ወር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሚስት አገባና ለመልሱ ከሰበታ ሱሉልታ ድረስ አውቶቡስ ተከራይተን ሄድን። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል፤ እኔ ከባለቤቴ ከታደሰ ጎን ተቀምጬ ጨው የበዛበትን ጥብስ ወዲያና ወዲህ እገፋለሁ። ከወዲያኛው ጥግ አንድ ራሱ የተመለጠ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው ብድግ አለና በዚያ ሁሉ ጫጫታ ላይ ጮኸ፦ «ዲፈርድ ታክስ! አንቺ ዲፈርድ ታክስ!» ሰዉ ሁሉ ዞረ። የሙሽራዋ አባት ገቢዎች መጡ ብለው ነው መሰለኝ ከወንበራቸው ተነሡ። እኔ ግን ፊቱን ሳልለይ ማን እንደሆነ አወቅኩ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ጴጥሮስ ነው። ሐዋሳ ከገባ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ለካ ባለቤቱ ለሙሽራዋ አክስቷ ናት። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን፣ ሳቅን። «ጌታ ይባረክ፣ አንቺ ሽበት እንኳ አላወጣሽም» አለኝ። «ቀለም የሚባል ነገር ተፈልስፏል፤ ሐዋሳ አልደረሰም?» አልኩት። ወዲያው ፊቱ ረጋ አለና ለመጠየቅ እንደፈራ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ኦቦ ገመቹስ?» አለ። «አሉ! እዚያው ቡራዩ፣ እዚያው ግቢያቸው። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ብሏል እንጂ ደህና ናቸው» ስለው በሁለት እጁ ጠረጴዛውን መታ። «እሑድ እንሄዳለን። ሌላ ቀጠሮ ካለሽ ሰርዥው።» እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ እሑድ ድረስ ሰበታ ውስጥ እየዞርኩ የኖርኩት ድሮ ነው።

ያኔ ስሜ ዘውዲቱ እንጂ ዲፈርድ ታክስ አልነበረም። ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ይዤ ሰበታ አንድ የክር ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ተቀጠርኩ። ዛሬ ፎቁ በፎቁ ላይ የተደራረበበት፣ ባጃጁ እንደ ንብ የሚርመሰመስበት ዋናው መንገድ ያኔ ከዳር እስከ ዳር የባሕር ዛፍ ጥላ ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ብቻ ያጫውታል፤ ሰበታ ሁሉ ወደደም ጠላም አብሮት ያንኑ ሲያዜም ይሰነብታል። እኔ ጉልበት የሚሸፍን ቡኒ ጉርድና አክስቴ የሠራችልኝን ቢጫ ሹራብ ለብሼ፣ ፀጉሬን አፍሮ አበጥሬ፣ ጠዋት በፋብሪካው ሰርቪስ እገባለሁ። የሰርቪሱ ሹፌር ታደሰ ነበር። የፊተኛውን ወንበር ሁልጊዜ ለኔ ይይዝልኝ ነበርና መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አምስት ዓመት ሠራሁ። ሂሳብ ሹማችን ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለኔ እንደሚሆን ሁሉም ያወራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ዘውዲቱ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ከዲፕሎማ ያለፈ ወረቀት ግን የለሽም» አሉኝ። በሳምንቱ ወረቀት ያለው ወጣት ከከተማ መጣ፤ መዝገቡ የት እንዳለ ያሳየሁት እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን የዓመቱን ሂሳብ ልትመረምር አንዲት ኦዲተር መጣች። ረጅም ናት፤ ጥቁር ቦርሳ ይዛ ስትገባ ወንዶቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ይነሡላታል። አንድ ቀን ከሥራዋ ቀና ብላ አየችኝና «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለችኝ። ነገርኳት። «የጎደለሽ ወረቀት ብቻ ከሆነማ ወረቀት ይገኛል» አለች። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ፈተና እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲ መግባት አይጠይቅም፤ ሥራን ሳይለቁ፣ ወረቀት የሚሏቸውን ፈተናዎች አንድ በአንድ እያለፉ ይጨርሱታል፤ ሲጨርሱ የተመሰከረለት የሂሳብ አዋቂ ይሆናሉ። እሷም እንዲያ ነው የሆነችው።

ለታደሰ ስነግረው ገና ተጋብተን ዓመት አልሞላንም። «ስንት ወረቀት ነው?» አለኝ። «አሥራ አራት» አልኩት። አሰበ። «ሰርቪሱ ከሰበታ እስከ ከተማ የሚቆምበት ፌርማታም አሥራ አራት ነው። እኔ በቀን አራት ጊዜ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺ በቻልሽው ጊዜ ጨርሺው» አለኝ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የፍቅር ቃላት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ትምህርቱ የሚሰጠው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ በተከራዩት ክፍል ነበር። ከከተማው ወጣ ያልን ሦስት ሰዎች ሁልጊዜ አርፍደን ስለምንደርስ የመጨረሻዋ አግዳሚ የኛ ሆነች። አስተማሪያችን በሩ በተከፈተ ቁጥር ጠመኔውን ይዞ ይቆምና «የኬላ ማዶዎቹ መጡ!» ይላል፤ ያኔ ከከተማው መውጫ ላይ ተሽከርካሪ የሚፈተሽበት ኬላ ነበረና። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ከሱሉልታ የሚመጣው ጴጥሮስ ነው፤ የወላይታ ልጅ፣ እንደ ሸንበቆ ቀጭን፣ የእንጨት ፋብሪካ ንብረት ክፍል የሚሠራ። መጽሐፍ ቅዱሱንና የሂሳብ ማሽኑን በአንድ ከረጢት ይይዝ ነበር። ሦስተኛው ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ በቡራዩ የጡብ ፋብሪካ የሂሳብ ጸሐፊ፣ ከአርባ ያለፉ፣ ካኪ ሳፋሪያቸው በካውያ ብዛት የሚያንጸባርቅ፣ ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ። መጀመሪያ ቀን አስተማሪው መሰሉኝና ብድግ ብዬ ተቀበልኳቸው። «ተቀመጪ ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ልማር ነው» አሉኝ።

ዋናው መጽሐፍ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው የኔን የሁለት ወር ደመወዝ ያህላል። ለሦስት አዋጥተን አንድ ገዛን። ማን ቤት ይቀመጥ? ኦቦ ገመቹ ምላጭ አወጡና መጽሐፉን ጀርባው ላይ ቦታ ቦታውን አይተው ለሦስት ሰነጠቁት። ጴጥሮስ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። «ምን ያስደነግጥሃል? ቅርጫ አይተህ አታውቅም?» አሉት። ዕጣ ተጣጣልን፤ ለኔ መካከለኛው ሲሶ ደረሰኝ። በየሳምንቱ እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ ጴጥሮስ ከጸሎት ሲወጣ፣ በየተራ አንዳችን ቤት እንገናኝና ቁራጮቻችንን እንለዋወጣለን፤ ያልገባንን ነገር ሁሉ እንጠያየቃለን። ካፌ እንዳንቀመጥ አንድ ሻይ አዝዘን አራት ሰዓት ስንቆይ አስተናጋጆቹ ጠረጴዛችንን ደጋግመው መወልወል ይጀምራሉ።

እነዚያን እሑዶች እንዴት ልንገራችሁ። የሱሉልታ ተራ ሲሆን ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጴጥሮስ የተከራየባት ቤት ባለቤት የሞቀ ወተት በትልቅ ኩባያ ይሰጡናል፤ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ነበር የምጽፈው። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ የተሠሩትን ቪላዎች ሳይ ያ ሁሉ ላም የት ሄደ እላለሁ። የሰበታ ተራ ሲሆን ታደሰ አይጠፋም። እንግሊዝኛ ማንበብ የተማረው ከመኪና መለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው፤ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ሲያነብልን ቃሉ ሁሉ የሞተር ዕቃ ይመስላል። ግን ያዘው! በተለይ ዕቃ ዲፕሪሼት ያደርጋል ተብሎ በየዓመቱ ዋጋው እየወረደ እንደሚመዘገብ ሲረዳ ደስታው ወሰን አጣ። ጋራዥ ሄዶ ሜካኒኩን «ይህ ፍሬን ዲፕሪሼት አድርጓል» ብሎት ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ የት ጋ እንደሆነ ሲፈልግ ነበር።

ከሁሉ የምወደው የቡራዩን ነበር። ኦቦ ገመቹ ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ «አካም ጅርቱ» እያሉ እስከ በር ወጥተው ይቀበሉናል፤ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል፤ ጥናቱ ሲሰለቸን እስከ ገፈርሳ ግድብ በእግራችን እንሄዳለን። ስሜን ያገኘሁትም እዚያው ግድቡ አጠገብ ሣር ላይ ተቀምጠን ነው። የመጨረሻዬ ወረቀት ሁለት ጊዜ ጥሎኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ጉዳይ፣ ዲፈርድ ታክስ በሚሉት፣ ለከርሞ በሚተላለፍ ግብር። መጽሐፉን ሳር ላይ ወርውሬ አለቀስኩ። ጴጥሮስ ሊያጽናናኝ ብሎ ጥቅስ ጀመረ። ኦቦ ገመቹ ግን «አሁን ስሚኝ» አሉ። «ልጅሽን ልትድሪ በሬ አደለብሽ። ሠርጉ ለዘንድሮ ነበር፣ ለከርሞ ተዛወረ። ሠርጉ ቀርቷል?»

«አልቀረም።»

«ዘንድሮ በሬውን አርደሽ ትበይዋለሽ?»

«ኧረ አልበላም።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«የሠርጉ በሬ ነው ብዬ ለብቻው አስራለሁ።»

«በቃ! ግብሩም እንዲሁ ነው። ተዛወረ እንጂ አልቀረልሽም፤ ዘንድሮ የቀረ መስሎሽ እንዳትበይው ስም ሰጥተሽ ለብቻው ታኖሪዋለሽ» አሉኝ። በሁለት ዓመት ያልገባኝ ነገር በአንድ በሬ ገባኝ። ጴጥሮስ ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

የዚያ ወረቀት ሦስተኛ ፈተና የደረሰው የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ክረምቱ ገብቷል። ጠዋት ከታደሰ ጋር ስንወጣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርድ ስላደረ ዓለም ገና አካባቢ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶታል፤ አውቶቡሱ ወደፊትም ወደኋላም አልል ብሎ ቆመ። ፈተናው የሚጀምረው በሦስት ሰዓት ነው። ታደሰ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቀለለና ውሃው ውስጥ ገብቶ መንገዱን በእግሩ ለካው። ከኋላችን ዱቄት የጫነ ትልቅ መኪና ነበር። ከሹፌሩ ጋር በሹፌርኛ ተነጋገሩ፤ እንዴት ነው፣ በየት በኩል ነው፣ ተባባሉ። እኔን ጋቢና አስገቡኝ፤ ታደሰ ሸራው ሥር ከዱቄቱ ጋር ተቀመጠ። የፈተናው ቤት በር ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ባሌ ከላይ ሲወርድ ከፀጉሩ እስከ ቅንድቡ ነጭ ነበር። ፈታኙ ከኔ ሆድ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ኔ ሆድ እያየ «የመጣችሁት ለምንድን ነው?» አለ። «እሷ ለፈተና ነው» አለ ታደሰ ዱቄቱን እያራገፈ፣ «እኔ ለመጠበቅ።» ወንበሮቹ የመጻፊያ ክንድ የተገጠመላቸው ናቸው፤ ሆዴ አላስገባ አለኝ። ጽዳት ሠራተኛዋ ሮጣ የሻይ ጠረጴዛቸውን አመጣችልኝ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስጽፍ ልጄ በእግሯ ጠረጴዛውን ስትመታ ነበር። ጥያቄ አራት ላይ ዲፈርድ ታክስ መጣ። የሠርጉን በሬ ለብቻው አሠርኩት።

ውጤቱ በፖስታ ሲመጣ ሕፃኗ ሦስት ወሯ ነበር። ፖስታውን የፋብሪካው በር ላይ ታደሰ ሰርቪሱን አቁሞ ሰጠኝ። ቀደድኩት፤ አነበብኩት፤ እንደገና አነበብኩት። «እህ?» አለ ከመሪው ላይ። ወረቀቱን ሰጠሁት። እሱም አየውና የመኪናውን ጥሩምባ ተጫነው፤ አላቋርጥም አለ። ከፈረቃ የወጡት የክር ሠራተኞች፣ ከፊሎቹ ከደቡብ፣ ከፊሎቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልል አሉ። ሲያልቅ አንዷ ጠጋ አለችኝና «እትዬ፣ ዕድገት ነው ወይስ ዲቪ?» አለችኝ። ዕድገት ነው አልኳት። እውነትም ሆነ፤ ዓመት ሳይሞላ ሂሳብ ሹም ሆንኩ፤ ቆይቶም ያው ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው ወንበር ስበው የፋይናንስ ኃላፊነቱን ሰጡኝ። ጴጥሮስ ከኔ ቀድሞ ጨርሶ ሐዋሳ ጥሩ ሥራ አግኝቶ ሄዷል።

ኦቦ ገመቹ ግን ቀሩ። ሥራውን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ እኛን ያሳለፉንም እሳቸው ናቸው። የጣላቸው እንግሊዝኛው ነው። ለእሳቸው የቀራቸው ወረቀት በቁጥር ሳይሆን በጽሑፍ ነው የሚመለሰው። አንዴ ወደቁ፤ ሁለቴ ወደቁ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቁ እሑድ እሑድ መምጣታቸውን አቆሙ። ያኔ ጴጥሮስ ገና አልሄደም ነበርና አብረን ቡራዩ ሄድን። ጓሮ ናቸው፤ ሳፋሪያቸውን አውልቀው፣ ዶማ ይዘው፣ የድንች መደቡን እየገለበጡ። «እኔ በቃኝ። ፀጉሬ ነጣ፤ ልጆቼ ዘንድ መሳቂያ ሆንኩ» አሉ ቀና ሳይሉ። አዴ ጫልቱ ከወጥ ቤት ብቅ አሉና «ውሰዱልኝ እባካችሁ!» አሉ። «ፈረንጆቹ ጣሉት፤ እሱ ድንቼን እየተበቀለ ነው። ሳይደርስ ነቅሎ ጨረሰብኝ!» ኦቦ ገመቹ ዶማውን ተደግፈው ቆሙ። መጀመሪያ ከንፈራቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምምነት አደረግን፤ እሳቸው በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይጽፉልኛል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ በፖስታ እመልሳለሁ። ስለ ምን እንደሚጽፉ ሲያጡ ስለ ቤታቸው ይጻፉ አልኳቸው። ጻፉ። የጎተራው ቁልፍ በአዴ ጫልቱ እጅ ሆኖ ቆጠራው በእሳቸው መሆኑ ለቁጥጥር ጥሩ እንደሆነ፣ አማቻቸው ያለ ፈቃድ ዱባ እንደወሰደና ወደፊት እንዳይደገም ምን መደረግ እንዳለበት፣ ሁሉንም በኦዲተር አጻጻፍ፣ ከግኝትና ከማሳሰቢያ ጋር። ለታደሰ እያነበብኩ ስንስቅ ጎረቤት ይሰማናል። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሄደ። አንድ ቀን ቢሮዬ ስልክ ተደወለና ጩኸት ሰማሁ፤ ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው፣ ተደበላልቋል። ከመካከሉ የገባኝ «አለፍኩ» የሚለው ብቻ ነበር። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አንድ ዓመት ከጥቂት ነው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ታዲያ አሁን ምን ሊያደርግላቸው?» ሲል እኔም በልቤ ያንኑ እል ነበር። ደፍሬ ጠይቄያቸው ግን አላውቅም፤ እስከዚያ እሑድ ድረስ።

ታደሰ በአሮጌዋ መኪናችን ወሰደን። ድሮ ሰዓታት ይፈጅ የነበረው መንገድ አሁን በአዲሱ አስፋልት ቀለል ብሏል፤ ቡራዩም ግን ከከተማው ጋር ተገጣጥማ የት ላይ እንደምትጀምር ለመለየት አስቸገረን። ኦቦ ገመቹ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ጴጥሮስ እግራቸው ሥር ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቆሙትና ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። «ወፈርክ!» አሉት። አዴ ጫልቱ ወንበር አወጡ፤ አምስታችንም ተቀመጥን። ወሬው ደራ። ያን ጊዜ ነው ድምፄን ከፍ አድርጌ የጠየቅኳቸው፦ «ኦቦ ገመቹ፣ ለአንድ ዓመት ብለው ያን ሁሉ ዘመን ለምን ለፉ?»

ሰሙኝ። «የክፍያ ማዘዣ ላይ ከታች ሦስት መስመር አለ፤ ታውቂያለሽ» አሉ። «ያዘጋጀው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የፈረምኩት ‹ያዘጋጀው› ላይ ነው። ያዘጋጀሁትን አንዳንዴ ሳያነቡት ያጸድቁታል፤ ስህተት ቢኖርበት እንኳ አያዩትም። እኔ አንድ ቀን ብቻ፣ አንብቤ ማጽደቅ ፈለግኩ።»

«ታዲያ አጸደቁ?» አለ ጴጥሮስ።

«ቆይማ! ወረቀቱን ስይዝ የፋይናንስ ኃላፊው ለቅቆ ነበርና ለቀረችኝ ዓመት ቦታውን ሰጡኝ። ጠዋት ገባሁ። ሒሳብ ጸሐፊዋ ለጣሪያ ጥገና የሚከፈል ማዘዣ ይዛ መጣች። መነጽሬን አደረግኩ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ትክክል ነው። እስክሪብቶዬን አነሣሁ፣ ፈረምኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ሳትወስድ ቆመች። ‹ምነው?› አልኳት። ‹ኦቦ ገመቹ› አለችኝ፣ አፍራ፣ ‹እሱ የኔ ቦታ ነው።› ለካ እጄ ሄዶ ‹ያዘጋጀው› ላይ ፈርሞልኛል!»

ታደሰ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። አዴ ጫልቱ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰሙት እንጃ፣ እንደ አዲስ ይስቃሉ። ኦቦ ገመቹ እስክንጨርስ ጠበቁን።

«ሌላ አዘጋጅታ መጣች» አሉ። «ይኸኛውን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የግራ እጄን ጣት ‹ያጸደቀው› በሚለው ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፍኩና፣ በፊርማዬ ፈንታ ስሜን ከአባቴና ከአያቴ ጋር ሳላሳጥር ጻፍኩት። ልጅቷ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።»